አርብ የሚደርቁ ፊደሎች

ታፔላ ጻፊው ሚስቱ ሌባ መሆኗን ያወቀው አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አሥራ ሦስት ሰው በታጨቀበት የታላቅ እህቱ ሳሎን ውስጥ ነው። የሰረቀችው ቃል ነበር፤ ባለ አራት ፊደል አንዲት ቃል። ያም ሆኖ ሌብነት ሌብነት ነውና በእጁ የያዘው የሻይ ብርጭቆ ሊያመልጠው ለጥቂት ነው የተረፈው።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፣ ጊዜው ቴሌቪዥን ገና ብርቅ የነበረበት፣ ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ሰው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚልበት ጊዜ ነው። ሰባት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም የታፔላ ጻፊው ታላቅ እህት የእትዬ ነበር። እትዬ ሠላሳ ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ጡረታ የወጡት ግን ከትምህርት ቤት እንጂ ከማረም አይደለም። ሰው ሰላም ሲላቸው እንኳ ሰላምታውን አርመው ነበር የሚመልሱት። ቴሌቪዥኑን ከሳምንት እስከ ሳምንት በጥልፍ ጨርቅ ሸፍነው ያቆዩትና ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ይገልጡታል። የግቢው ሰውም ወንበሩን፣ ዱካውን፣ ያጣም የተገለበጠ ሳጥኑን ይዞ ይመጣል።

የሚመጡት «የተሸፈነው ቃል» የሚባለውን ጨዋታ ሊያዩ ነው። አጨዋወቱ ቀላል ነበር። በትልቅ ሰሌዳ ላይ ፊደሎቹ የተሸፈኑ አንድ ቃል ይቆማል። አቅራቢው ፍንጭ ያነባል፣ ሁለት ተወዳዳሪዎች ደግሞ በየተራ የፊደል ዘር ይጠራሉ። አንዱ «የለ ዘር» ካለ፣ ቃሉ ውስጥ ከለ እስከ ሎ ያለው ፊደል ሁሉ ሽፋኑ ይነሳለታል። ቃሉን ቀድሞ ያወቀ ያሸንፋል። በአንድ ቅዳሜ ሦስት ቃል ይቀርባል። የሚተላለፈውም በቀጥታ ስለነበር የተሳሳተ ተሳስቶ፣ ያስነጠሰም አስነጥሶ ይቀራል።

እነዚያን ፊደሎች የሚጽፈው እንግዲህ ታፔላ ጻፊው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ መሰላል ላይ ቆሞ የሱቅና የጋራዥ ታፔላ ሲጽፍ ኖሮ፣ ጉልበቱ መሰላሉን እምቢ ባለበት ዓመት ቴሌቪዥን ጣቢያው ቀጠረው። ሥራውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው። ረቡዕ ረቡዕ የዝግጅቱ ኃላፊ ሦስቱን ቃላት በታሸገ ፖስታ ይሰጡታል። እሱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በየካርቶኑ ላይ ይጽፋቸዋል። ነጭ ቀለም ካሜራው ፊት ስለሚያንጸባርቅ ካርቶኑን ፈዛዛ ቢጫ ይቀባውና ፊደሉን በጥቁር ያወጣዋል። የጣቢያው ምድር ቤት እርጥበት ነበረውና ቀለሙ አልደርቅ ብሎ ስላስቸገረ ቤቱ ወስዶ እንዲሠራ ተፈቀደለት። ታዲያ ቃላቱን ለማንም እንዳያሳይ፣ ዘመዶቹም ውድድሩ ውስጥ እንዳይገቡ ወረቀት ላይ አስፈርመውታል።

ሐሙስ ይጽፋል፣ አርብ ይደርቃል። ካርቶኖቹ የሚደርቁት መኝታ ቤታቸው ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ፣ በልብስ መቆንጠጫ ተይዘው ነው። አሰቃቀሉም እንደ አሠራሩ ነበር። አንድ ዘር የሆኑ ፊደሎች አካላቸው አንድ ስለሆነ፣ ታፔላ ጻፊው አንዱን ቅርጽ ይቆርጥና እሱኑ እየደጋገመ ይነድፋል፣ እግሩንና ቀለበቱን በኋላ ይጨምርለታል። ስለዚህ የሦስቱም ቃላት ፊደሎች ተደበላልቀው በየዘራቸው ነበር የሚሰቀሉት። ቅዳሜ ጠዋት ይለቅማቸውና በጆንያ ጠቅልሎ ወደ ጣቢያው ያደርሳቸዋል። ከዚያ በኋላ ሥራ ስለሌለው ከሰው ጋር ሆኖ ማየት ነው።

በዚያ ቅዳሜ አቅራቢው ፍንጩን አነበበ። «የጣለው ይበላል፤ የያዘው ይደፋል።» እትዬ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ የነ ዘር ብሎ ጠራና ከአራቱ ሽፋኖች ሁለተኛው ተነሳ፤ ን ነበረች። ይኼኔ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ የተቀመጠችው የታፔላ ጻፊው ሚስት «ወንፊት» አለች። ጮክ ብላ እንኳ አልነበረም። ሽንኩርት አልቋል እንደሚል ሰው ነው ያለችው።

ማንም ልብ አላላትም። ልብ ያሏት ከሦስት ደቂቃ በኋላ፣ ተወዳዳሪው ላቡን እየጠረገ «ወንፊት» ብሎ ደወሉ ሲደወልለት ነው። አሥራ ሁለት አንገት ወደ በሩ ዞረ። የግቢው ልብስ ሰፊ አፉን እንደከፈተ ቀረ። እትዬም ዞረው አዩዋት። ይህች ሴት ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ልብስ ንጽሕና ቤት ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትተኩስ የምትውል ናት። እትዬ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ የወንድማቸው ሚስት መሆኗን እንጂ ሌላ ነገሯን አይተው አያውቁም። ጨዋታው የተጀመረ ሰሞን እንኳ «ይኼ የተማረ ሰው ነገር ነው፣ አንቺ ልጅ ሻዩን ጠብቂልን» ብለዋት ነበር። «አንቺ ልጅ» የተባለችው አርባ ሁለት ዓመቷ ነው።

ቤት ሲገቡ ታፔላ ጻፊው በሩን ዘጋና ምን ነካሽ አላት። እሷም ካርቶኖቹን እንዳየቻቸው፣ አልጋዋ ራስጌ የተሰቀለን ነገር አለማየት እንደማይቻላት፣ አፏ እንዳመለጣት ነገረችው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ ሥራዬን ታሳጪኛለሽ አላት። ሁለተኛ እንደማይለምዳት በአባቷ ስም ማለች።

መሐላው የቆየው አንድ ሳምንት ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከንፈሯን ነክሳ ተቀምጣ ሳለ፣ ልብስ ሰፊው ዞር ብሎ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት። አሥራ ሁለት ሰው የእሷን አፍ ያይ ጀመር። በዕድሜዋ ሙሉ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው ቢኖር የሸሚዙ ኮሌታ ይጠንክር ወይስ ይለስልስ ለማለት ነው። አንዴ ባሏን አየችው፣ አንዴ መሬቱን አየች፣ ከዚያም ቃሉን ተናገረች።

ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው። በአራተኛው ሳምንት ዘዴ አበጀችለት። ሁለት ፊደል ሳይገለጥ አትናገርም፤ ግንባሯን ቋጠር ታደርጋለች፤ አልፎ አልፎም ሆን ብላ «ይኼስ አልመጣልኝም» ትላለች። ግቢው ስም አወጣላት፤ መዝገበ ቃላት ለማለት «መዝገቧ» አሏት። እዚያው ግቢ የምትኖረው ነርስ ደብዳቤ ስታነብ የከበዳትን ቃል ይዛ ትመጣለች። ልብስ ሰፊው ለሱቁ የሚሆን ስም ምረጪልኝ አላት። እትዬ ራሳቸው አንድ ቀን የረሱትን ቃል ሲፈልጉ ቆይተው «እስቲ መዝገቧን ጠይቋት» አሉ። ይህን ሲሰማ ታፔላ ጻፊው እትዬ ሊታመሙ ነው ብሎ ፈርቶ ነበር።

ማስቆም ነበረበት። ስንት ጊዜ ሊያስቆማት አስቦ ተነስቷል። ነገር ግን ቅዳሜ ማታ ከእህቱ ቤት ወደ ቤታቸው ሲሻገሩ፣ ያቺ ቀን ሙሉ ካውያ ላይ ጎንበስ ብላ የምትውል ሴት ቀጥ ብላ ስትራመድ ያያል። ስትስቅም ድምፅ ማሰማት ጀምራለች። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት አድርጎ ሰው ያስቆማል? ይወዳት ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

ሁለት ወር እንዲህ ካለፈ በኋላ ጉድ የፈላው በአባባ ነው። አባባ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ ናቸው። ዓይናቸው ደክሞ ቴሌቪዥኑን እንደ ጭጋግ ነው የሚያዩት፤ ስለዚህ የሚመጡት ለመስማት ነበር። እሳቸው እንዲህ ያለች አዋቂ በአንድ ግቢ ተደብቃ መቅረት የለባትም ብለው ተነሱ። ለጣቢያው ደብዳቤ አስጻፉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩም የጎረቤቱን ሁሉ ፊርማ ሰበሰቡ። ለባልና ሚስቱ ግን ድንገተኛ ደስታ ይሁንላቸው ብለው ትንፍሽ አላሉም።

ታፔላ ጻፊው የሰማው በሥራው በኩል ነው። የተወዳዳሪዎቹን ስም በጠረጴዛቸው ፊት በሚቆመው ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው እሱ ነውና ረቡዕ ከቃላቱ ፖስታ ጋር የሚቀጥለውን ሳምንት ተወዳዳሪዎች ስም ሰጡት። ሁለተኛው ስም የሚስቱ ነበር፤ ከነአባቷ። ኃላፊው ምኑንም ሳያውቁ «ይህችን ሴት አንድ ሰፈር ሙሉ ፈርሞ ነው የላካት፣ አሳምረህ ጻፍላት» አሉት። እሱም እሺ ብሎ ወጣ። በደረጃው ላይ ተቀምጦ ዝርዝሩን እንደገና አነበበው።

ስሟን ጻፈው። በዕድሜው እንደዚያ አሳምሮ የጻፈው ፊደል የለም። ቤት ወስዶም አሳያት። እሷ ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ስሟን በጣቷ እየተከተለች ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሁለቱም ተቀምጠው መውጫ ፈለጉ። ታመመች ቢባል፣ ነርሷ መርፌዋን ይዛ ከተፍ ትላለች። ብትሄድ፣ ዘመድ አይገባም የሚለውን ፊርማ ሰው አንድ ቀን ያየዋል፤ ባይታይም ማታለል ነው። ብትቀር፣ አባባ በእነዚያ በደከሙ ዓይኖቻቸው ቤት ለቤት የዞሩት ምን ሊባል ነው።

«ሥራህን አንተ አታጣም» አለች በመጨረሻ። «ቅዳሜ ለሁሉም እነግራቸዋለሁ። ሰኞ አንተ ለአለቃህ ትነግራለህ።»

«ምን ይሉሻል?» አላት።

«የነበርኩትን ነዋ» አለች። «በሩ አጠገብ ያለችው ዱካ የትም አልሄደችም።»

ይህን ስትል ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እሱ ግን ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ቅዳሜ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ፣ እትዬ የቴሌቪዥኑን ጨርቅ ሊያነሱ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሚስቱ ከዱካዋ ተነሳች። የሥራ ልብሷን እንኳ አልለወጠችም፤ የተኮሰችው የሰው ሸሚዝ ሽታ አብሯት ነበር።

«ከመጀመሩ በፊት አንዴ ስሙኝ» አለች። «እኔ አዋቂ አይደለሁም። ፊደሎቹ የሚደርቁት እኔ መኝታ ቤት ነው። አርብ አያቸዋለሁ፣ ቅዳሜ እናገራለሁ። ይኸው ነው። ሁለት ወር ሙሉ አታለልኳችሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

ታፔላ ጻፊው የእህቱን ምንጣፍ ዘርፍ ይቆጥር ጀመር። ማን መጀመሪያ ምን እንደሚላት እየጠበቀ፣ ክፉ ቃል ከመጣ ምን ብሎ እንደሚመልስ በልቡ ያሰላስል ነበር።

መጀመሪያ የተናገረው ልብስ ሰፊው ነው። ጉሮሮውን ጠረገና «ካርቶኖቹን ማለትሽ ነው?» አለ። «ቢጫዎቹን?»

ታፔላ ጻፊው ቀና አለ። በእትዬ ቴሌቪዥን የሚታየው ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነው። ካርቶኖቹ ቢጫ መሆናቸውን ከጣቢያው ሰዎችና ከእሱ ቤት በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«ቢጫ መሆናቸውን በምን አወቅህ?» አለው።

ልብስ ሰፊው በተራው ምንጣፉን ማየት ጀመረ። ነገሩ እንዲህ ነው። ታፔላ ጻፊው ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብሎ ፖስታውን ያቃጥላል፣ በሩን ይቆልፋል፣ ከዚያ የቀለሙ ሽታ ራስ ስለሚያዞር መስኮቱን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። መስኮቱ ደግሞ የሚያየው ወደ ግቢው የውሃ ቧንቧ ነው። በሕይወቱ በመስኮት ሽታ እንደሚወጣ እንጂ ዓይን እንደሚገባ አስቦ አያውቅም። ውሃ የማይቀዳ ሰው በግቢው ውስጥ የለም፤ አርብ አርብ ደግሞ፣ አሁን ሲያስበው፣ ግቢው ከወትሮው ይልቅ ውሃ ይጠማው ነበር።

ልብስ ሰፊው ፊደሎቹን በጨርቅ ቁራጭ ላይ በጠመኔ ይገለብጣቸው እንደነበር ተናገረ። ነርሷ መዳፏ ላይ ነበር የምትጽፋቸው። ሌሎቹም አንድ በአንድ፣ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ፊታቸውን እያጨማደዱ አመኑ። ሁሉም ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ያስብ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብለው፣ ይሉኝታም ይዟቸው፣ አንዱ ለሌላው ሳይናገር ሁለት ወር አብረው ተቀምጠዋል።

እትዬ ግን ተነሱና የቁም ሳጥኑን መሳቢያ ከፍተው አንድ ደብተር አወጡ። በአርባ ገጽ ደብተር ላይ በየአርቡ ቀን ተጽፎ፣ ከሥሩ ፊደሎቹ በዚያ በሚያምር የመምህርት እጅ ጽሑፍ ተደርድረዋል። ከዚያ በታች ቀስት፣ ስርዝ፣ እንደገና ቀስት፣ እንደገና ስርዝ ነው። ደብተሩን ለሚስቱ ሰጧት።

«አሥራ አራት ፊደል» አሉ። «ሦስት ቃል የተደባለቀበት። ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩበት። አንድም ሳይገጥምልኝ ቅዳሜ ሆነ። በስምንቱም ሳምንት አንድ ቀን አልገጠመልኝም። ያየሽውን ሁላችንም አይተናል፣ ልጄ። ያወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። ታፔላ ጻፊው ይህን ተረት ሲሰማ ኖሯል፣ የገባው ግን ያን ጊዜ ነው። እሱ ቃላቱን በፖስታ አስቀድሞ ስለሚያውቃቸው፣ ገመዱ ላይ የሚታየው ቃል እንጂ የፊደል ክምር አልነበረም። መልሱን የያዘ ሰው ጥያቄው ከባድ መሆኑን ከየት ያውቃል? ሚስቱ አየሁ ስትለው አነበብኩ ማለቷ መስሎት፣ ስምንት ሳምንት ሙሉ ሌባ ናት ብሎ እያዘነላት ኖረ። እንዴት እንደምታደርገው ጠየቃት። እሷም እንደ ጥፋተኛ ነበር የመለሰችው።

«ዝም ብዬ አያቸዋለሁ» አለች። «መጀመሪያ እንደተዘበራረቀ ልብስ ናቸው። ቆይቶ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ይለያል። ሰው ሁሉ እንዲሁ የሚያይ መስሎኝ ነበር።»

ይኼኔ ነው አባባ ከጥጋቸው ድምፃቸውን ያሰሙት። «እንግዲያው በዚህ ቤት ያልሰረቅሁ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው?» አሉ። ቀጥለውም ነገሩን አሰቡበትና «እኔም ያልሰረቅሁት ስለማይታየኝ ነው» ብለው ጨመሩ። ሳቁ ሲነሳ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። የዚያን ቀን የመጀመሪያውን ቃል ማንም አላየውም፤ ቴሌቪዥኑን መክፈት ረስተው ነበር።

ሳቁ ግን ሥራን አያድንም። ሰኞ ታፔላ ጻፊው የሚስቱን ስም ሰሌዳ በጋዜጣ ጠቅልሎ ኃላፊው ፊት ቀረበና ከመስኮቱ እስከ ደብተሩ ሁሉንም ተናገረ። ኃላፊው ሳያቋርጡ ሰሙት። ስንት ሰው ካርቶኖቹን እንዳየ ጠየቁ። አሥራ አንድ አላቸው። እስክሪብቷቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ለጥቂት ጊዜ ጣሪያውን አዩ። በእግሩ መጥቶ የተናገረን ሰው አላባርርም አሉ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን ማኅደሩ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ካርቶን ከጣቢያው አይወጣም፣ ለምድር ቤቱም ማሞቂያ ይገዛለታል። የሚስቱ ስም ከተወዳዳሪዎቹ ዝርዝር ተሰረዘ። ሰሌዳውን ፈትተው አዩትና «ይህን ምን ብዬ አስፍቀዋለሁ፣ ውሰድላት» አሉት።

ቀጣዩ ቅዳሜ ግቢው በሙሉ ባዶ እጁን የመጣበት የመጀመሪያው ቅዳሜ ነበር። ገመዱ ላይ የተሰቀለው ልብስ ብቻ ነው። ሚስቱ አልሄድም ብላ ነበር። ካርቶኑን አይቶ ማወቅና ሳያዩ ማወቅ የተለያየ ነው፣ ዛሬ አንድም ነገር የለኝም አለችው። እሱም ሁሉም ሰው የለውም አላት። እውነቱን ለመናገር እሱ ከእሷ ይበልጥ ፈርቷል። ሐሙስ ዕለት በምድር ቤቱ ማሞቂያ አጠገብ ቃላቱን የጻፋቸው እሱ ነውና፣ በዚያ ሳሎን ውስጥ መልሱን ይዞ የሚቀመጥ ብቸኛው ሰው ነበር። ተሳስታ አፍራ ብትመለስስ? ዳግመኛ አፏን ባትከፍትስ?

ሲገቡ እትዬ ከራሳቸው ወንበር አጠገብ አንድ ወንበር አኑረው ጠበቋት። እሷም ወደ በሩ አንዴ አየት አድርጋ ሄዳ ተቀመጠች። አቅራቢው ወረቀቱን ከፈተና አነበበ። «ቀን ከሌት ይሄዳል፤ ከቤት ግን አይወጣም።» ሰሌዳው ላይ ሦስት ሽፋን ቆሟል። አንደኛው ተወዳዳሪ የመ ዘር አለ፣ አልነበረም። ሌላኛው የተ ዘር ሲል ሦስተኛው ሽፋን ተነሳና ት ታየች።

ታፔላ ጻፊው ሚስቱን ብቻ ነው የሚያየው። ግንባሯን አልቋጠረችም፣ እንደ ቀድሞው አላስመሰለችም። አፏ ብቻ ትንሽ ተከፈተ።

«እናት» አለች፤ ጮክ ብላ።

ታፔላ ጻፊው ዓይኑን ጨፈነ። እያንዳንዱ ሰው ግን በሐሳቡ ወደ አንዲት ሴት፣ ወደ ገዛ እናቱ ሄዶ ነበር። ልብስ ሰፊው ጉልበቱን ያሻል። አባባ አንገታቸውን ደፍተዋል። ቆይቶ አንደኛው ተወዳዳሪ «ሰዓት» ሲል ደወሉ ተደወለለት፣ ሽፋኖቹ ተነሱ፣ አቅራቢው እጁን ጨብጦ አመሰገነው። ሚስቱ በእጇ ጉንጯን ያዘች።

እትዬ ሠላሳ ዓመት ቀይ እስክሪብቶ ይዘው የኖሩ፣ ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ብለው ስንቱን ልጅ ያስለቀሱ ሴት ናቸው። ወደ ቴሌቪዥኑ ዘንበል ብለው ሰሌዳውን አተኩረው አዩት።

«ተሳስተዋል» አሉ።

ማን ነው የተሳሳተው አላቸው ወንድማቸው፣ በፍርሃት።

«እነሱ ናቸዋ!» አሉ እትዬ። «ሰዓትማ ካልሞሉት ይቆማል። አንተ አታውቅም? እናታችን በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ስትሄድ ኖራ፣ በሩን እንኳ ሳታልፍ አይደለም እንዴ የሞተችው? የልጅቷ ነው ልክ። እንዲህ ያለውን ፍንጭ የሚጽፍ ሰው...»

የሁለቱም እናት አንዲት ሴት ነበረች፤ እትዬ ስለ እሷ ሲናገሩ ታፔላ ጻፊው ከሃያ ዓመት ወዲህ መስማቱ ነው። ይህን ሰምታ እንደሆነ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ግን አገጯን በመዳፏ ደግፋ ዓይኗን ሰሌዳው ላይ ተክላለች፤ አቅራቢው ሁለተኛውን ፍንጭ ማንበብ ጀምሮ ነበር።

«ዝም ይበሉ እንጂ እትዬ» አለች፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ «አላሰሙኝም።»

እትዬም ዝም አሉ።